እምቢ ማለት የሚችል ሰው

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የሥነ ዜጋ መምህራችን ክፍሉን በጠመኔ ለሁለት ይከፍለው ነበር። ከሰሌዳው ሥር ጀምሮ እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ ወለሉ ላይ መስመር ያሰምርና «ሰው በተፈጥሮው ለራሱ ብቻ የሚኖር አውሬ ነው የምትሉ ወደ መስኮቱ፣ አይደለም የምትሉ ወደ በሩ» ይላል። ዴስክ እየጎተትን እንለያያለን። የመቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁ ስለማይሰማ በመካከላችን እየተዘዋወረ ነበር የሚያስተምረው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ እሱ በኦሮምኛ ያብራራል፤ ሲናደድ ደግሞ አማርኛ ይመጣበታል። እኛም ባፋችን በመጣው እንከራከራለን።

እኔ አንድ ቦታ መርጋት አይሆንልኝም። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ጊዜ መስመሩን እሻገራለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ የመቱ ጎሬ ሚኒባስ ነሽ እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን አልተቀመጥኩም።

የእነዚያን ፈላስፎች ስም ዛሬ ብጠየቅ አልመልስም። ለፈተና ሸምድጄ ከፈተናው ወረቀት ጋር አስረክቤዋለሁ። ሐሳባቸው ግን እንደ ሰው ፊት ትዝ ይለኛል። አንደኛው ፈሪ ነበር። መንግሥት ባይኖር ሁሉም የሁሉም ጠላት ነው፤ ስለዚህ ሰው ነፃነቱን ለገዢ አስረክቦ በምትኩ ሰላም አገኘ ይላል። ሁለተኛው ረጋ ያለ ነው። ሰው ከመንግሥት በፊትም ነፃና እኩል ነበር፤ ማንም ያልያዘውን መሬት አቅንቶ ድካሙን ከአፈሩ ጋር ከቀላቀለ ያ መሬት የሱ ነው፤ መንግሥት ማለት ይህን እንዲጠብቅ በስምምነት የተቀጠረ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው ራሱ ከሰረቀ ይባረራል። ሦስተኛው የገበያ ሰው ነው። እያንዳንዱ የራሱን ጥቅም ሲያሳድድ ሳያስበው ሌላውን ይጠቅማል፤ መንግሥት መንገድና ዳኛ ያዘጋጅና ዘወር ይበል ባይ ነው። አራተኛው ሌላውን እስካልጎዳህ ድረስ እንዳሻህ ኑር ይላል፤ ሴትም ሰው ናት ብሎ ስለጻፈ እኛ ሴቶቹ ወደድነው። ከሁሉም ኋላ የመጣው ደግሞ አንድ እንግዳ ጥያቄ ነበረው። ሀብታም ይሁን ደሃ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ምን ሆነህ እንደምትወለድ ሳታውቅ የአገሩን ደንብ አውጣ ብትባል ምን ብለህ ታወጣለህ?

«ቲቸር፣ ይሄን ስምምነት ማን ፈረመው? እኔ አልፈረምኩም» አልኩ።

«እዚህ አገር መኖርሽ ፊርማሽ ነው።»

«ባልስማማስ የት እሄዳለሁ?»

መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ከኋላ አንዱ «በቃ ፊርማዋ ይሰረዝላት» ብሎ አሳቀብኝ፤ ነገሩ በሳቅ አለፈ። ምን እንደጠየቅኩ ለራሴም አልገባኝም ነበር። የገባኝ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሁሩሙ በኩል ያለ ቡና ውስጥ ጭቃ ላይ ቆሜ ነው።

አባቴ መቱ ገበያ ዳር የጨርቅና የጫማ ሱቅ አለው። አያቴ ግን ማር ቆራጭ ነበር፤ ሁሩሙ በኩል ባለ ጫካ ቀፎ ይሰቅል ነበር። በእኛ በኩል ልማዱ እንዲህ ነው፤ ማንም ያልነካው ዛፍ ላይ መጀመሪያ ቀፎ የሰቀለ ሰው ዛፉ የሱ ይባላል። ከዛፉ ሥር ያለውን ቡናም መንጥሮ ይይዛል። ወረቀት የለውም፤ ወረቀቱ ጎረቤት ነው። በኋላ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተባለ፤ ዛሬም እንዲያው ነው፤ ሰው ይዞታ እንጂ ባለቤትነት የለውም። ያም ሆኖ ያ ቦታ በመንደሩ አፍ መጀመሪያ የአያቴ፣ ቀጥሎ የአባቴ ሲባል ኖረ።

አባቴ አይሠራበትም። የምትሠራበት እትዬ የምንላት ሴት ናት። ከቡሬ ወዲያ ከባሏ ጋር ቡና ለቀማ መጥታ ባሏ እዚሁ ሞተባት። አባቴ ቦታውን በእኩል ሰጣት። እሷ ትመነጥራለች፣ ትለቅማለች፣ ታደርቃለች፤ የደረቀው ቡና፣ ጀንፈሉ፣ ሲደርስ ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የሷ። በቦታው ዳር የጭቃ ቤት ሠርታ ትኖራለች። የመሬት ልኬታው ሲመጣ እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር።

መቱ ስትመጣ በጓሮ በር ነበር የምትገባው። ገተማ ከሚባለው ዛፍ የሚገኘውን ማር በቅል ወይም አቮካዶ በጨርቅ ቋጥራ ታመጣለች። ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ የምናስቀምጠው ወንበር አለ፤ እሷ አንድ ቀን ተቀምጣበት አላየሁም። አባቴን «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ በቆመችበት ሰላምታ ትሰጥና ዓይኗን ጨርቁ ላይ ታደርጋለች። እኔን «ኢንታላ ኮ» ትለኛለች፤ ልጄ እንደማለት ነው። ስለ እሷ ያኔ ከዚህ በላይ አስቤ አላውቅም። እውነቱ ይሄ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ ሱቅ ቁጭ ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት ሜትር ይዤ ጨርቅ ለካሁ። አንድ ቀን የገጠር መሬት በየቀበሌው እየተለካ የይዞታ ደብተር ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ መጣ። ለካዮቹ ከላይ የተነሣ የመሬት ፎቶ ይዘው ይመጣሉ። ባለይዞታው ጎረቤት በተሰበሰበበት ፊት ፊት እየሄደ ድንበሩን ያሳያል፤ ጎረቤት ካልተቃወመ ስሙ ይጻፋል። ከዚያ ዝርዝሩ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ለአንድ ወር ይለጠፋል፤ ቅሬታ ያለው እስከዚያ ይናገራል። ወሩ ካለቀ አለቀ፤ ደብተሩ ይታተማል።

አባቴ ሥጋት ገባው። ከተማ የሚኖር ሰው በገጠር መሬት ላይ ስሙ ላይጻፍ ይችላል እየተባለ ይወራ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው። በእሱ ስም ከተጻፈ እትዬ በእሱ ደግነት ነው የምትኖረው፤ እሱ ካልፈለገ ወይም እሱ የሌለ ቀን ውጪ ብትባል ትወጣለች። በሷ ስም ከተጻፈ ደግሞ የአያቴ ቦታ ከእኛ ሄደ። ደብተሩ አንድ ነው።

«አንቺ ሂጂ» አለኝ። «እኔ ወገቤም አያስኬደኝ። ተምረሻል፣ አፍም አለሽ።»

«ከተማ ነው የምትኖሩት ቢሉኝስ?»

«አባቴ ያቀናው ነው በያቸው። ሌላ ምን አለ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሁለተኛውን ፈላስፋ አስታወስኩ። አሪፍ ሐሳብ ሆኖ ታየኝ። አያቴ ማንም ያልያዘውን ጫካ አቀና፣ ድካሙን ከአፈሩ ጋር ቀላቀለ፤ ስለዚህ የእኛ ነው። እስከ ሁሩሙ ድረስ በሆዴ ስለማመደው ሄድኩ።

ቦታው ስደርስ ጎረቤቶቹ የወደቀ ግንድ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እትዬ ቆንጨራዋን ይዛ ከቤቷ ደጃፍ ቆማለች። ለካዩ ቦቲ ጫማ ያደረገ ወጣት ነው፤ መሣሪያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ማንነቴን ነግሬው ንግግሬን ጀመርኩ። ስለ አያቴ፣ ስለ ቀፎው፣ ሰው ጉልበቱን ያፈሰሰበት ነገር እንዴት የራሱ እንደሚሆን፣ መንግሥትም ይህን ለመጠበቅ እንጂ ለመንጠቅ እንዳልቆመ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ጉሬዛዎቹ እንኳ ዝም ያሉልኝ መሰለኝ።

«ጨረስሽ?» አለ ለካዩ።

«አዎ።»

«ጥሩ። ሲቪክ ስንት አመጣሽ?»

ግንዱ ላይ ያሉት ሳቁ።

«በይ አሁን ድንበሩን አሳዪኝ» አለና መሣሪያውን አበራ።

ፊት ሆኜ ሄድኩ። ቦታውን የማውቀው በለቀማ ጊዜ በልጅነቴ ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቼ ነው። ቡናው ሁሉ አንድ ይመስላል። ትልቁን ዋንዛ አይቼ የእኛ ነው ብዬ በሥሩ አልፌ ልታጠፍ ስል አንድ ሽማግሌ ከኋላ ጮክ አሉ።

«ልጄ፣ ያ የእኔ ዋንዛ ነው። ቀፎዬም ላዩ ላይ አለ። ከነማሩ ልትወስጂው ነው?»

እንደገና ተሳቀ። ፊቴ ጋለ። ያኔ እትዬ ከኋላ መጥታ በቆንጨራዋ ጫፍ ወደ ግራ አሳየች።

«በዚህ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ እሷ ፊት ሄደች። ለካዩ እሷን ተከተለ፤ ሽማግሌዎቹ ለካዩን ተከተሉ፤ እኔ መጨረሻ ላይ ነበርኩ። «ይሄ ጉቶ ነው፣ ከዚህ እስከ ድንጋዩ። እዚህ ውሃ ይወጣል፣ ስለዚህ ድንበሩ በላይ በኩል ዞሯል። ይቺ ገተማ የእኛ ናት፣ ያቺ የሳቸው።» በምታልፍበት ሁሉ እጇ የቡናውን ቅርንጫፍ ይነካል፤ የደረቀውን ቀነጠስ አድርጋ ትጥላለች። እሷ ይህን እያደረገች መሆኗን የምታውቅ አልመሰለኝም። ቁልቁል እስከ ጅረቱ ወርደን ተመልሰን ወደ ደጃፏ ወጣን። አንድም ሰው አልተቃወመም።

«በማን ስም ልጻፍ?» አለ ለካዩ።

ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ነሽ ያልሽው፤ የደከመበት ነው ብለሻል። እዚህ የሚደክመው ማን ነው?» ሲጠይቀኝ አልቀለደም።

ያዘጋጀሁት ክርክር ራሱ ነው የመለሰልኝ። ያንን ሁሉ ንግግር ያደረግኩት እሷ ቆማ እያዳመጠች ነው። እየተናገርኩት እንኳ ስለ ማን እንደማወራ አላወቅኩም።

«በሁለቱም ስም ይጻፍ» አልኩ።

«ባልና ሚስት ናቸው?»

«አይደሉም።»

«እህትና ወንድም?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ልጻፍ?»

«የልጅቷ አባት ሽማግሌ ይላክ፤ እኛም እዚሁ ተሰብስበናል» አሉ የዋንዛው ባለቤት። እትዬም ሳትቀር በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን ቆንጨራዋን መሬት ላይ አስደግፋ ተናገረች።

«በጋሼ ስም ጻፉት። የሳቸው ነው።»

«ፈቅደሽ ነው?»

«ፈቅጄ ነው።»

ጻፈ። በዚያች ሰዓት ምን ተሰማሽ ብትሉኝ ደስ አለኝ። አላፈርኩም፣ አላዘንኩም፤ እንኳን እሷ አለችው፣ እኔን ገላገለችኝ ነው ያልኩት። እፍረቱ የመጣው ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ዶሮውን ጫማዬ ላይ ሲያስቀምጥ ነው። ለምን በዚያች ደቂቃ እንደመጣ አላውቅም። «ፈቅጄ ነው» ያለችበት ድምፅ ሱቅ በጓሮ ገብታ «እንዴት አደሩ» ከምትልበት ድምፅ ጋር አንድ ነበር።

ዝርዝሩ ተለጠፈ። አንድ ወር መቁጠር ጀመርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ያ የሥነ ዜጋ መምህሬ ጃንጥላ ሊገዛ ሱቅ መጣ። ሸበት ብሏል። ጃንጥላውን እየከፈተ እየዘጋ ሲሞክር ነገርኩት፤ ከላይ እስከ ታች።

«ፈቅዳለች አይደል?» አለ። «በነፃ ፈቃድ የተደረገ ስምምነት ነው።»

«እምቢ ብትል የት ትሄድ ነበር?»

ጃንጥላውን ዘጋው። «ይሄን ጥያቄ አሥራ አንደኛ ክፍልም ጠይቀሽኛል።»

«መልሱን አልነገሩኝም።»

«አላውቀውም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም የቤት ኪራይ የምከፍል፣ ውጣ ሲሉኝ የምወጣ ሰው ነኝ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የመጨረሻውን ሰውዬ አስታውሺ፤ ምን ሆነሽ እንደምትወለጂ ሳታውቂ የሚለውን። እሱን እንኳ ለፈተና አላወጣሁትም» ብሎኝ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ጣቃዎቹ መሃል ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። የባለሱቁ ልጅ ሆኜ ልወለድ ወይስ የጭቃ ቤቷ ሴት አላውቅም እንበል። ምን ብዬ አወጣለሁ? እሷ ሆኜ ሳስበው መጀመሪያ የመጣልኝ ቡናው አልነበረም፤ በሩ ነው። አንድ ቀን አንዲት አፈኛ የከተማ ልጅ መጥታ «ከዚህ ቤት ውጪ» እንዳትለኝ ነው የምፈልገው። ያቺ ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ። አባቴ ሲሞት የምወርሰው እኔ ነኝ።

አባቴን ከዚያ በላይ ዝም ልለው አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ደንበኛ የለም፤ እሱ ለአንዲት ሙሽራ የታዘዘ ጨርቅ እየለካ ነበር።

«አባ፣ የሁሩሙው ነገር ልክ አይደለም።»

«የትኛው?»

«በአንተ ስም መጻፉ። የምትሠራበት እሷ ናት።»

ሜትሩን አላቆመም። «በእኩል ሰጥቻታለሁ። ሌላው በሲሶ ነው የሚያሠራው፤ ሂጂና ጠይቂ። ካልተስማማትም ነፃ ናት፤ አላሰርኳትም። ብትፈልግ ጎሬ ሄዳ ትለቅማለች።»

አባቴ አራተኛ ክፍል ነው ያቆመው። የገበያውን ፈላስፋ ግን አንድ ቃል ሳያጎድል አለልኝ።

«ነፃ አይደለችም» አልኩት። «ቤቷ የቆመው በአንተ ቦታ ላይ ነው። እምቢ ካለች ሥራዋን ብቻ አይደለም የምታጣው፤ ማደሪያዋንም ጭምር ነው።»

«አንድ ቀን ውጪ ብያታለሁ? ክፉ ቃል ወጥቶኛል?»

«አልወጣህም። ግን ትችላለህ።»

ሜትሩ ቆመ።

«እኔም እችላለሁ» አልኩ። «ነገ እኔ ስወርስ እንዳንተ ደግ መሆኔን በምን ታውቃለህ? እኔ አላውቅም።»

ጨርቁን እያጠፈ «አባቴ ከዛፍ ወድቆ የሞተው እዚያ ነው» አለ። «ቀፎ ሊያወርድ ወጥቶ። እኔ ከሥር ገመድ ይዤ ነበር። ያንቺ መጽሐፍ ይሄን ስንት ነው የሚለው?»

አያቴ ከዛፍ መውደቁን አውቃለሁ፤ የትኛው ዛፍ እንደሆነ፣ ገመዱን ማን እንደያዘ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ፈላስፎቹ ስለ ላብ ነበር የነገሩኝ። አባቴ ያን ጫካ ለምን እንደማይረግጠው፣ ወገቤን እያለ ለምን ሁልጊዜ ሰው እንደሚልክ፣ ያም ሆኖ ለምን ሊለቀው እንደማይችል ያኔ ገባኝ።

ሦስት ቀን በግድ ካልሆነ አልተነጋገርንም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሱቁን እየከፈትን ሳለ «ጠየቅሻት?» አለኝ።

«ማንን?»

«እሷን። ምን እንደምትፈልግ።»

አልጠየቅኳትም። ለካዩን ተከራክሬያለሁ፣ መምህሬን ይዤ አላስወጣ ብያለሁ፣ አባቴን አስቆጥቻለሁ፤ እሷን ግን ምን ትፈልጊያለሽ ብያት አላውቅም። እሷን ወክዬ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የሰነበትኩት።

በሁሩሙ የገበያ ቀን ሄድኩ። ማር ሸጣ ጨርሳ ቅሏን እየጠራረገች አገኘኋት። ስታየኝ ደነገጠች።

«ጋሼ ታመሙ?»

«አይ፣ ደህና ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ከዚያ ቦታ የሚገባሽ የትኛው ነው?»

«ማን ነው ያስጠየቀኝ?»

«እኔ። እሱም ጠይቂያት ብሎኛል።»

ቅሏን በጨርቅ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች። ልትሄድ ነው ስል ተናገረች።

«ከቤቴ እስከ ጅረቱ» አለች። «እዚያ እሾህ ብቻ ነበር፤ አያትሽም አባትሽም አልነኩትም። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ቡናውንም ችግኝ አምጥቼ ነው የተከልኩት። የላይኛው የእናንተ ነው። መንጥሬዋለሁ፣ ለቅሜዋለሁ፣ ድርሻዬን በልቻለሁ። አያትሽ የወደቁበትን ጫካ በስሜ አልፈልግም።»

አምስት ፈላስፋ ሸምድጄ ያልደረስኩበትን ክፍፍል እሷ ስንት ዓመት ተሸክማው ኖራለች። ለሁሉም ድርሻ ነበረው፤ ለጉልበትም፣ ለስምምነትም፣ ለሞተ ሰውም።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

እንደ ሕፃን አየችኝ። «ኢንታላ ኮ፣ ተናግሬ ጋሼ ቢቆጡ ያን ቀን የት ልገባ?»

መቱ ተመልሼ ቃሏን እንዳለ ለአባቴ ነገርኩት። ሰምቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዝርዝሩ ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ሱቁን ዘጋ። የመቱ ገበያ ቀን ነበር፤ አባቴ በገበያ ቀን ሱቅ ሲዘጋ በዕድሜዬ ያየሁት ያንዴ ብቻ ነው። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ቅሬታውን ራሱ አስመዘገበ። ለካዩና ጎረቤቶቹ እንደገና ተጠሩ። አባቴ ጫካው ጫፍ ሲደርስ ቆመ፤ ከንፈሩ ዱዓ ያደርጋል። ከዚያ ፊት ፊት ሄደ። አንድ ትልቅ ገተማ ሥር ሲደርስ እጁን ግንዱ ላይ አድርጎ ጥቂት ቆየ። ሁላችንም ጠበቅነው። የትኛው ዛፍ እንደሆነ በዚያ አወቅኩ።

ደጃፏ ላይ ሲደርስ «ከዚህ እስከ ጅረቱ የሷ ነው» አለ። «የላይኛው በእኔ ስም ይቆይ። መስክሩ።»

«እንግዲህ ሽማግሌ መላኩ ቀረ ማለት ነው» አሉ የዋንዛው ባለቤት።

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ከዚያ ግን ሚኒባስ ውስጥ እስከ መቱ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ልክ የሠራ ሰው ደስ ይለዋል ብዬ አስብ ነበር። አባቴ ደስ አላለውም። የሰጠው ነገር የሱ እንዳልነበረ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሮ ነው የተመለሰው፤ እና ያን ከባድ ነገር ያሸከምኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ማሩ ቀረ። አቮካዶውም ቀረ። እትዬ ወራት ሙሉ አልመጣችም። አባቴ አንዳንዴ ወደ ጓሮ በር ያይና «ጠፋች» ይላል፤ እኔ ዝም እላለሁ። ሰው ስጦታ የሚያመጣው ስለሚወድ ብቻ ነው ብዬ የማምንበት ዘመን እዚያው ላይ አበቃ። አንዳንዱ ማር የኪራይ ማር ነበር።

የመጣችው ቡናው የሚመነጠርበት ወቅት ከመድረሱ በፊት ነው። በፊት ለፊት በር ገባች። ጫማዋን በራፉ ላይ ጠርጋ፣ ከጣቃዎቹ ፊት ያለውን የደንበኛ ወንበር አየችው፤ ከዚያ ተቀመጠችበት። እኔ ባንኮኒው ጋ ቆሜ ነበር። እጇን በሻሿ ጫፍ ሥር ሸሸገች።

«ጋሼ፣ ስለ ላይኛው ቡና ነው የመጣሁት» አለች። «ዘንድሮ በእኩል አልሠራም። ሁለት እጁ ለእኔ፣ አንድ እጁ ለእርስዎ ከሆነ እሠራለሁ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ቃሉን አፏ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ መስዬው ነው። እኔ ግን ከሁለተኛው ልኬታ ቀን ወዲህ አላየኋትም ነበር።

«በእኩል ነበር የተስማማነው» አላት።

«ያኔ ነው» አለች። «አሁን ናን ዲዳ። እምቢ ብያለሁ።»

በአሥራ አንድ ዓመት፣ አሁን አሥራ ሁለት ሆኗል፣ ከአፏ እምቢ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አልጮኸችም። ሳትቆጣ፣ ሳትለምን፣ የጨርቅ ዋጋ እንደምትናገር አድርጋ ነው ያለችው። እምቢ ካለችም በኋላ የምትመለስበት ቤት አላት፤ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ፈላስፎቹ ስምምነት ስምምነት ሲሉ ይሄን ከሆነ ያሰቡት ትክክል ናቸው። ይሄን ሳያስቡ ከሆነ ግን ሁሩሙን አያውቋትም።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ። አባቴ የሚቆጣ መሰለኝ፤ እሷም መስሏታል፤ ግን አልተነሣችም።

«በይ እንግዲህ ተቀመጪ፤ እንነጋገር» አለ በመጨረሻ፣ ከልማዱ የተነሣ።

«ተቀምጫለሁ፣ ጋሼ» አለች።

አባቴ ከባንኮኒው ኋላ የሚቀመጥበትን ዱካ አወጣና ፊት ለፊቷ አደረገው።